ከባቢሌ ወዲህ ሌሊት የሰማሁት ፉጨት ምንድን ነው?

የመክፈቻው ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከድሬዳዋ ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ሐረርን አልፈን፣ ባቢሌ ሳንደርስ ከአስፋልቱ ወጣ ብለን አደርን። የያዝነው በእንጨት ፍሬም ላይ የተጠመጠመ የመዳብ ሽቦ፣ አንዲት ትንሽ ማጉያ፣ የጆሮ ማዳመጫና ስልክ ነው። ልናዳምጥ የሄድነው የሬዲዮ ጣቢያ አይደለም። ተፈጥሮ ራሷ የምታሰራጨውን ሬዲዮ ነው።

ለማያውቁት ላስረዳ። መብረቅ ሲወርድ የሚወጣው ብርሃንና ነጎድጓድ ብቻ አይደለም። የሬዲዮ ሞገድም ይወጣል። ከዚያ ሞገድ ብዙው ኃይል ያለው በጥቂት ኪሎኸርዝ (በሰከንድ ጥቂት ሺህ ንዝረት) አካባቢ ነው። ይህ ደግሞ ጆሯችን ለድምፅ ከሚሠራበት የንዝረት ቁጥር ጋር ይገጥማል። ስለዚህ ሞገዱን በሽቦ መያዝ፣ ማጉላትና ወደ ጆሮ ማዳመጫ መላክ ይበቃል። ሌላ የረቀቀ ዕቃ አያስፈልግም።

ከዚህ ሞገድ ከፊሉ ከአየሩ በላይ ያመልጣል። የምድርን የማግኔት መስመር ይዞ፣ በሺዎች የሚቆጠር ኪሎሜትር ወደ ሕዋ ወጥቶ፣ በሌላው ንፍቀ ክበብ ይወርዳል። መንገድ ላይ ቀጭኑ ድምፅ ይቀድማል፣ ወፍራሙ ይዘገያል። ስለዚህ ሲደርስ ከላይ ወደ ታች የሚንሸራተት ፉጨት ይሆናል። ዊስለር ይባላል።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ሰማሁት። ቲው አለ። ትንሽ ቆየና ደግሞ ቲው። ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ነው። ጓደኛዬን ቀስቅሼ አሰማሁት። ጥያቄዬ አንድ ነው፦ ይህ ዊስለር ነው ወይስ አይደለም?

መልሶቹ

ክሩ፣ ማለትም ከጥያቄዬ ሥር የተጻፉት መልሶች፣ በሦስት ሳምንት ውስጥ በጣም ረዘመ። አዲስ የሚገቡ ሰዎች ከየት እንጀምር እያሉ ስለጠየቁኝ፣ የተባለውን በተራ ቁጥሩ በራሴ ቃል አሰፍራለሁ።

1 እና 2። የመጀመሪያው የድሬዳዋው የሳቢያን ሰፈር ልጅ ነው። እንኳን ደስ ያለህ ብሎ ሽቦው ስንት ዙር እንደሆነ ጠየቀ። ሁለተኛው ዋጋውን ጠየቀ። ፍሬሙ በየጎኑ አንድ ሜትር ነው፣ ሽቦው 50 ዙር ነው፣ ያወጣሁትም ከተቃጠለ ሞተር ነው ብዬ መለስኩ። ገንዘቤን የበላችው ማጉያዋ ናት። መጀመሪያ የገዛሁባት ሱቅ የማትሠራ ሸጦልኝ አልቀይርም ስላለ ሌላ ልገዛ ተገደድኩ።

3። ጁገል፣ በሐረር ግንብ ውስጥ የምትኖር እህት ጻፈች። ይህን ያህል ነገር በየሌሊቱ ካለ ለምን ማንም አይሰማውም? ነው ጥያቄዋ። ጅቦቹስ ይሰሙት ይሆን? አያቷ ጅብ ሰው የማይሰማውን ይሰማል ይሉ እንደነበር ነገረችን።

4። አንድ የፊዚክስ ተማሪ በጨዋነት መለሰላት። ድምፅ የአየር መንቀጥቀጥ ነው፣ ይህ ግን የኤሌክትሪክና የማግኔት ሞገድ ነው አላት። የንዝረቱ ቁጥር አንድ ቢሆንም ዘሩ ሌላ ነው። ጅብም ሰውም ያለ ሽቦ አይሰሙትም። ጥያቄዋን ወድጄዋለሁ፤ እኔም መጀመሪያ የጠየቅኩት ይህንኑ ነበር።

5። ይኼኛው አስከፋኝ። ድምፁን ከኢንተርኔት አውርደህ የራስህ አስመሰልከው አለኝ፤ ከዚያ ያለፈ ምንም አልጻፈም። እኔም 40 ደቂቃውን ቅጂ ሳልቆርጥ አስቀመጥኩ። ውሻ ሲጮህ ይሰማል። አይሱዙ ሲያልፍ ይሰማል። ምን እንደምንሠራ ሊጠይቀን የመጣው የአካባቢው ሚሊሻም ይሰማል። ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርገንለት፣ ትንሽ አዳምጦ፣ ይህ ዝናብ ነው ብሎ የሄደው እሱ ነው።

6። የመልስ 5 ሰው ቅጂውን ሰምቶ ተመለሰ። ይቅርታ አላለም፣ ክሱን ግን አነሳ። ይበቃኛል።

7። ክሩን ክር ያደረጉት እኚህ ሰው ናቸው። ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛ ናቸው። በአሮጌው መስመር፣ በአዲጋላና በአይሻ በኩል ባሉት ጣቢያዎች የሌሊት ተረኛ ነበሩ። ከጣቢያ ጣቢያ የሚደዋወሉበት የስልክ ሽቦ ሐዲዱን ተከትሎ በምሰሶ ላይ በበረሃው ተዘርግቶ ነበር። ሌሊት መነጋገሪያውን አንስተው ማንም ሳይናገር ጆሯቸው ላይ ሲያደርጉት ይንጣጣ ነበር። ደረቅ እንጨት እሳት ውስጥ ሲንጣጣ ማለት ነው። አንዳንዴ መሃል ላይ የወፍ ጫጩት የመሰለ አጭር ነገር ይገባበታል። መንጣጣቱ ሲበዛ የሆነ ቦታ ዝናብ እየጣለ ነው ይባባሉ ነበር። ሚሊሻውም ዝናብ ነው ማለቱን ካነበቡ በኋላ ነው ይህን ለመጻፍ የተነሱት።

8። ተማሪው ተመልሶ ያሉት ነገር በታሪክም የታወቀ መሆኑን ነገራቸው። እ.ኤ.አ. በ1894 እንግሊዝ አገር ፕሪስ የተባለ መሐንዲስ የዋልታ ብርሃን በታየበት ወቅት በስልክ መስመሮች ላይ እንግዳ ድምፅ መሰማቱን ዘግቧል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ ባርክሃውዘን የተባለ ጀርመናዊ የጠላትን የስልክ ንግግር ለመጥለፍ ማጉያ ሲጠቀም ፉጨት ሰማ። ወታደሮቹ የሚበር ቦምብ ድምፅ ነው የመሰላቸው። በ1919 ስለዚህ ጻፈ። ምንጩ በደንብ የተፈታው ግን በ1953 ካምብሪጅ ውስጥ ስቶሪ በተባለ ወጣት ተመራማሪ ነው። ፉጨቱ ከመብረቅ እንደሚነሳና የማግኔት መስመርን ተከትሎ ወደ ሌላው ንፍቀ ክበብ እንደሚሻገር አሳየ። ከመዘግየቱም ተነስቶ፣ ያኔ ባዶ ነው ይባል በነበረው ከፍታ ላይ ኤሌክትሮን መኖሩን አወቀ። ጡረተኛው ይህን ሲያነቡ ምን እንዳሉ በመልስ 10 ላይ አለ፦ እነዚያን ሌሊቶች እንደገና ቢያገኟቸው መነጋገሪያውን እንደማያስቀምጡት ጽፈዋል።

9፣ 11 እና 12። እዚህ ጋ ወሬው ዞረ። አንዱ ዓመቱ በፈረንጅ ነው በእኛ? ብሎ ተቆጣ። ልክ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሁላችንም እ.ኤ.አ. መጻፍ ጀመርን። ሌላው ባቢሌ ድረስ ሄዳችሁ ለውዝ ሳትገዙ ተመለሳችሁ ወይ አለ። ገዝተናል አቦ፣ ሌሊቱን ያቆየን እሱ ነው።

13። ከሐረር አንድ የፊዚክስ መምህር ገቡ። ሰላምታቸው አጭር ነው። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አንዱ ቲው ስንት ሰከንድ ይቆያል?

14። የኔ መልስ ነው። ቅጂውን በስልኬ፣ ድምፁን በምስል እያየሁ ለካሁት። ከአንድ አሥረኛ ሰከንድ ያነሰ ነው። አብዛኛው አንድ ሃያኛ ገደማ ነው።

15። መምህሩ ዊስለር አይደለም አሉ። ዊስለር አንድ ሰከንድና ከዚያ በላይ ይወስዳል፤ መንገዱ ረጅም ነውና። የኔው ትዊክ ይባላል። መብረቁ ከሕዋ አልተመለሰም፣ ጭራሽ ወደ ሕዋ አልወጣም። በምድርና ከላይ ባለው ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፈው የአየር ንብርብር፣ በአዮኖስፌር መካከል እየነጠረ መጣ እንጂ። ምድር ወለሉ ናት፣ አዮኖስፌር ጣሪያው። ሌሊት ጣሪያው ጥርት ስለሚል ሞገዱ ብዙ ጊዜ ይነጥራል። ከተወሰነ የንዝረት ቁጥር በታች ግን በዚያ መንገድ ማለፍ አይችልም፤ ወደዚያ ወሰን ሲጠጋ ይዘገያል። ጭራው የሚንሸራተተው ለዚህ ነው።

እውነቱን ልናገር፣ ይህን ሳነብ ስልኬን ዘግቼ ወጣሁ። ከዚራ ሰፈር፣ ዛፎቹ ሥር እስኪመሽ ተቀመጥኩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ለሰው ሁሉ ዊስለር ሰማሁ ስል ነበር።

16 እና 17። የሳቢያኑ ልጅ ለኔ ተቆርቁሮ መምህሩን ተናገራቸው። እዚያው ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ሜዳ ላይ ያደረውን ሰው ያርማሉ ወይ ነው ነገሩ። ቃሉ ከዚህም ይከፋ ነበር፣ አላሰፍረውም። ሌላ ሰው ደግሞ መምህሩን ደግፎ ልጁን ተሳደበ። ሁለቱንም እንዲተዉ ጠየቅኩ። መምህሩ ስለ እኔ የተናገሩት ክፉ ነገር የለም። ለካሁ፣ አረሙኝ።

18። መምህሩ ስድቡን አልፈው ስሌት ይዘው መጡ። የክሩ ምርጥ መልስ ነው ብዬ አምናለሁ። የምድር የማግኔት መስመሮች ከደቡብ ተነስተው እንደ ቀስት ጎብጠው ሰሜን ያርፋሉ። መስመሩ ከማግኔት ወገብ (መስመሮቹ ለምድር ትይዩ ሆነው ከሚተኙበት፣ ምድርን ከሚዞረው ወገብ) ርቆ ባረፈ ቁጥር ቀስቱ ከፍ ይላል። ከዚያ ወገብ 60 ዲግሪ ርቆ የሚያርፍ መስመር ጫፉ ከምድር መሃል አራት የምድር ራዲየስ ያህል ይርቃል። ይህም ከራሳችን በላይ 19,000 ኪሎሜትር ገደማ ማለት ነው። ጫፉ 500 ኪሎሜትር ብቻ የሚደርስ መስመር እንኳ የሚያርፈው ከወገቡ 15 ዲግሪ ገደማ ርቆ ነው። ድሬዳዋና ሐረር ደግሞ ከማግኔት ወገብ አጠገብ ናቸው። እኛ ጋ መስመሩ እንደ ምንጣፍ ተኝቷል። መብረቁን ተሸክሞ ወደ ላይ የሚያወጣ መስመር የለንም። ስለዚህ ዊስለር እዚህ የጠፋው ሽቦዬ አንሶ አይደለም፤ ቦታው ነው።

19። ተማሪው ቀጠለ። ሰዎች ይህን ለማድመጥ አንታርክቲካ ድረስ የሚሄዱት ለምንድን ነው የሚለውን አብራራ። አንደኛ መስመሮቹ እዚያ ይወርዳሉ። ሁለተኛ የመብራት ሽቦ የለም፣ ጸጥታ ነው። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ሄሊዌል እ.ኤ.አ. በ1973 ሳይፕል በተባለው የአንታርክቲካ ጣቢያ ማሰራጫ ሥራ አስጀመረ። አንቴናው በበረዶው ላይ ከ20 ኪሎሜትር በላይ የተዘረጋ ሽቦ ነበር። የላኩት ሞገድ በማግኔት መስመር ላይ ተጉዞ ካናዳ፣ ኩቤክ ውስጥ ሮበርቫል ይሰማ ነበር። አንዳንዴም መንገድ ላይ ከኤሌክትሮኖቹ ኃይል ወስዶ ከተላከው በርትቶ ይደርሳል። ጣቢያው በ1988 ተዘጋ። እንግሊዞችም እዚያው አንታርክቲካ ባለው ሃሊ ጣቢያቸው ይህንኑ ሞገድ ሲያዳምጡ ኖረዋል።

20። ከዚያ አንድ የከዚራ ልጅ ብቅ አለ። አሁን የሚኖረው ሰሜን ፊንላንድ ነው። እዚያ በክረምት በረዶ ላይ ቆሞ፣ ጣቱ እየደነዘዘ፣ ኮረስ የሚባለውን ሰምቷል። ኮረስ ከዊስለር ሌላ ነው። ከመብረቅ አይመጣም። አጫጭር ድምፅ ነው፣ ከታች ወደ ላይ ይወጣል፣ አንዱ ሳያልቅ ሌላው ይደርባል። ንጋት ላይ ወፎች ዛፍ ሞልተው ሲንጫጩ ይመስላል አለ፤ ድሬ ላይ ሊነጋጋ ሲል ከዚራ ዛፎች ላይ እንደሚሰማው። የሚነሳው ከምድር ሌሊት ጎን ከሚገፉ ኤሌክትሮኖች ነው። እነሱ ምድርን በምሥራቅ በኩል እየዞሩ ወደ ንጋት ሲደርሱ ሞገዱን ያስነሳሉ። ሶዳንኪላ የሚገኘው የፊንላንዶች የጂኦፊዚክስ ጣቢያ እ.ኤ.አ. ከ1913 ጀምሮ ያለ ሲሆን ይህን ዓይነቱን ሞገድ ይቀዳል።

21። መምህሩ ለፊንላንዱ ልጅ አንድ ነገር ጨመሩለት። ይህን ዓረፍተ ነገር ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ኮረስ ፊንላንድ ላይ ይሰማ እንጂ የሚወለደው ፊንላንድ ላይ አይደለም። የሚወለደው በቀስቱ ጫፍ፣ ከማግኔት ወገብ በላይ ነው። ማለትም በእኛ ኬክሮስ ላይ፣ በሺዎች ኪሎሜትር ወደ ሕዋ ገብቶ። ተወልዶ በመስመሩ ላይ ወደ ዋልታዎቹ ይወርዳል። እኛ ከሥሩ ተቀምጠን ሳንሰማው በላያችን ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2012 የተላኩት ሁለቱ የቫን አለን ሳተላይቶች እዚያው በመወለጃው አካባቢ ቀድተውታል። ይኸው ሞገድ ኤሌክትሮኖችን አፍጥኖ ሳተላይት እስከሚጎዱ ድረስ ያበረታል።

22። እዚህ ላይ አንድ ሰው በኃይል ገባ። ስለ ፊንላንድ ሰማይ የምታወሩ ሰዎች፣ ድሬዳዋን የሚያቋርጠውን የደቻቱን ወንዝ ረስታችሁታል ወይ አለ። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ሌሊት የመጣው ጎርፍ ጎረቤቶቹን ወስዷል። ከ200 በላይ ሰው ነው የሞተው። ከተማው ውስጥ የተኛ ሰው ከላይ ደጋው ላይ ምን ያህል እንደዘነበ አያውቅም ነበር። ሽቦ ጠምጥሞ ሰማይ ማድመጥ ለዚያ ሰፈር ምን ይጠቅማል?

23 እስከ 25። ሦስት ሰዎች ተናደው መለሱለት፤ ከርዕስ ወጣህ አሉት። እኔ አልወጣም እላለሁ። ጥያቄው የተጠየቀው ከሐዘን ነው፤ ደግሞ ትክክለኛ ጥያቄ ነው።

26። ጡረተኛው ባቡረኛ ናቸው የመለሱለት። መጀመሪያ ነፍስ ይማር አሉ። ከዚያ በመልስ 7 የጻፉትን አስታወሱት። መንጣጣቱ ሲበዛ የሆነ ቦታ እየዘነበ ነው ይሉ የነበረው ለጨዋታ አልነበረም። ሐዲዱ ላይ ጎርፍ እንዳይመጣ ያስቡ ነበር።

27። ተማሪው ያንን ይዞ ቀጠለ። ዛሬ የመብረቅን ሞገድ በዓለም ዙሪያ የሚያዳምጥ መረብ አለ፤ የሚመራውም ከዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ነው። አንድ መብረቅ ቢያንስ በአምስት ጣቢያ ከተሰማ፣ ሞገዱ በየጣቢያው ከደረሰበት ሰዓት ልዩነት ተነስተው የት እንደወረደ ያሰላሉ። የሚጠቀሙበት ሞገድ ያው እኔ የቀዳሁት ዓይነት ነው። መብረቅ ብቻውን ጎርፍ መምጣቱን አያረጋግጥም ብሎ ጨመረ። ግን ከደቻቱ በላይ ያለው ደጋ ላይ ደመናው መቼ እንደተነሳ በሌሊትም ይናገራል። የመልስ 22 ሰው አመሰገነ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ይገባል፣ ዝም ብሎ ያነባል።

28። አዲስ አበባ ያለ አንድ አንባቢ እኛ ምንም አልሰማንም የሚለውን ተቃወመ። እኛም ድርሻ አለን አለ። አዲስ አበባ የማግኔት መለኪያ ጣቢያ ያላት እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ ነው፤ ያቋቋሙት ለዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት ነው። ከማግኔት ወገብ በላይ፣ 100 ኪሎሜትር ከፍ ብሎ፣ ቀን ቀን ወደ ምሥራቅ የሚፈስ ብርቱ የኤሌክትሪክ ጅረት አለ። ይህ ጅረት አንዳንድ ቀን አቅጣጫውን እንደሚገለብጥ እ.ኤ.አ. በ1962 ከአዲስ አበባው መዝገብ ላይ አይቶ የጻፈው የጣቢያው ኃላፊ ካናዳዊው ካህን ፒየር ጉዊን ነው። ዋልታ ላይ የተቀመጠ ሰው ይህን ሊያይ አይችልም። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። እዚሁ አገራችን ላይ የተገኘ ነገር ሆኖ ሳለ በትምህርት ቤት አንድም ቀን አልነገሩንም።

29 እና 30። ስለ መብራት ሆነ። የሳቢያኑ ልጅ ከቤቱ ጣሪያ ላይ ሞክሮ እምምም ከሚል ጩኸት በቀር ምንም አልሰማም። የመብራት ኃይሉ 50 ኸርዝ ነው፤ ከነብዜቶቹ ሁሉንም ይሸፍናል። አዲሱ ባቡርም በ25 ሺህ ቮልት በዚያው 50 ኸርዝ ነው የሚሄደው፤ ከሐዲዱ መራቅ ይበጃል። መብራት ሲጠፋ ሞክር አልኩት። በዚያው ሳምንት ጠፋ። ሮጦ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ለ20 ደቂቃ መንጣጣቱን ሰማ። በመልስ 30 ላይ ያንን ሲጽፍ መምህሩንም ይቅርታ ጠየቀ።

31። የኔ ነው። መምህሩ ራስህ ሥራው ያሉኝን ስሌት ሠራሁት። በቅጂዬ ውስጥ ያሉት ትዊኮች ሁሉ ጭራቸው የሚያልቀው 1.7 ኪሎኸርዝ አካባቢ ነው። የብርሃን ፍጥነት በሰከንድ 300,000 ኪሎሜትር ነው። ለ1,700 ሁለት እጥፍ፣ ማለትም ለ3,400 ሲካፈል 88 ኪሎሜትር ይመጣል። ያ የጣሪያው ከፍታ ነው። ከተቃጠለ ሞተር በወጣ ሽቦ፣ ባቢሌ መንገድ ዳር ተቀምጬ፣ ከራሴ በላይ ያለውን ሰማይ ለካሁት። ዊስለር ባለመሆኑ ያዘንኩበት ቀን አሁን አይቆጨኝም።

32። የፊንላንዱ ልጅ ሐሳብ አመጣ። አንድ ብርቱ መብረቅ ሌሊት በሺዎች ኪሎሜትር ይሰማል። በአንድ ሌሊት እሱ እዚያ፣ እኔ እዚህ ብንቀዳ፣ አንዱን መብረቅ ሁለታችንም ልንይዘው እንችላለን አለ።

33። መምህሩ የስልክ ሰዓት ለዚህ አይበቃም አሉ። በሰከንድ ውስጥ ብዙ መንጣጣት ስላለ የትኛው የትኛው እንደሆነ አይለይም። የጂፒኤስ ሰዓት ከድምፁ ጋር አብሮ መቀዳት አለበት። እንዴት እንደሚያያዝ ሊያሳዩኝ ሐረር ቤታቸው ጠሩኝ። ሐሙስ ሄጄ ሠርተነዋል።

34። የመጨረሻው እስካሁን የጡረተኛው ነው። መቼ እንደምንሄድና በእሳቸው ዕድሜ ያለ ሰው መኪናው ላይ ቦታ ያገኝ እንደሆነ ጠየቁ። ሻይ በፔርሙስ እንደሚይዙ ጽፈዋል። ቅዳሜ ማታ 2 ሰዓት ላይ ከለገሃሩ ፊት ለፊት እንደምንጠብቃቸው መልሻለሁ። የፊቱ ወንበር የእሳቸው ነው።